መንፈሳዊ ሥልጣን ከየት ይገኛል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ልጆች፣ ዛሬ የምንማረው ስለ ሥልጣን ነው። «ሥልጣን» የሚለውን ቃል ስትሰሙ ቶሎ የሚታሰባችሁ አዛዥነት ሳይሆን አይቀርም። የክፍል አለቃ የሆነ ተማሪ የሚረብሹትን ልጆች ስም ይጽፋል። ታላቅ ወንድም ታናሹን «ውኃ አምጣ» ይለዋል። ከዚህ የተነሣ ባለ ሥልጣን ማለት እርሱ ለማንም የማይታዘዝ፣ ሌላው ሁሉ ግን ለእርሱ የሚታዘዝለት ሰው ይመስለናል። በቅዱስ ወንጌል ግን ነገሩ በተቃራኒው ሆኖ እናገኘዋለን። ይህንንም በሚገባ ተረድቶ የተናገረው ከካህናት ወገን የሆነ ሰው አልነበረም፤ ከአሕዛብ ወገን የሆነ አንድ ወታደር ነበር።

መቶ አለቃው ምን አለ?

ቅፍርናሆም በገሊላ ባሕር ዳር የነበረች ከተማ ናት። በዚያች ከተማ አንድ መቶ አለቃ ይኖር ነበር። መቶ አለቃ ማለት ስሙ እንደሚያመለክተው የመቶ ወታደሮች አዛዥ ማለት ነው። (የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት ግን በሮማውያን ጦር አንድ መቶ አለቃ የሚያዛቸው ወታደሮች አብዛኛውን ጊዜ ሰማንያ ያህል ነበሩ። በአገራችንም ጦር መቶ አለቃ የሚባል ማዕረግ እንዳለ ታውቃላችሁ።) የዚህ ሰው አገልጋይ በጽኑ ታሞ አልጋ ላይ ወድቆ ነበር። መቶ አለቃውም አገልጋዩን ይወደው ስለነበር ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ እንዲፈውስለት ለመነ። ታሪኩን በማቴ. 8÷5-13 እና በሉቃ. 7÷1-10 ታገኙታላችሁ።

ቅዱስ ሉቃስ እንደጻፈው፣ የአይሁድ ሽማግሎች ስለ እርሱ ለመለመን ወደ ጌታችን መጥተው ነበር። ሕዝባችንን ይወዳል፣ ምኩራብም ሠርቶልናል፣ ስለዚህ ይህ ሊደረግለት ይገባዋል ብለው መሰከሩለት። መቶ አለቃው ስለ ራሱ የላከው ቃል ግን ሌላ ነው። ጌታችን ወደ ቤቱ ይገባ ዘንድ የተገባው ሰው እንዳልሆነ፣ አንድ ቃል ብቻ ቢናገር አገልጋዩ እንደሚድን አመነ። ልብ በሉ ልጆች! ሰዎች «ይገባዋል» አሉ፤ እርሱ ግን «አይገባኝም» አለ። ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችንም ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ልንቀበል ስንቀርብ የምታስጸልየን ጸሎት ከዚህ ሰው ቃል የተወሰደ ነው። አንድ አሕዛባዊ ወታደር የተናገረውን ቃል እስከ ዛሬ በቅዳሴ ጊዜ እንጸልየዋለን ማለት ነው።

ከዚያም መቶ አለቃው ምክንያቱን አስረዳ። እርሱ ራሱ ለበላይ አለቃ የሚገዛ ሰው ነው፤ ከእርሱም በታች ወታደሮች አሉ። አንዱን ሂድ ሲለው ይሄዳል፤ ሌላውን ና ሲለው ይመጣል። አስተውላችኋል? አስቀድሞ የተናገረው ስለሚያዛቸው ሰዎች አልነበረም። አስቀድሞ የተናገረው ከሌላ ሥልጣን በታች መሆኑን ነው።

ለምን ይሆን? እስቲ አስቡት። ያ መቶ አለቃ አንዱን ወታደር ሲያዝዘው ወታደሩ የሚታዘዘው መቶ አለቃው ጉልበተኛ ስለሆነ ነውን? አይደለም። ሰማንያ ወታደር አንድን ሰው በቀላሉ ይጥለዋል። ነገር ግን ከመቶ አለቃው በላይ ሌላ አለቃ አለ፣ ከእርሱም በላይ ሌላ አለ፣ በመጨረሻም የሮም ንጉሥ ቄሣር አለ። መቶ አለቃው ለበላዮቹ እስከታዘዘ ድረስ «ሂድ» የሚለው ቃሉ የቄሣር ቃል ነው። አንድ ቀን «ከዛሬ ጀምሮ ለማንም አልታዘዝም» ብሎ ቢያምፅ ግን ምን ይሆናል? ያው ሰው፣ ያው ድምፅ፣ ያው ሰይፍ ይኖረዋል፤ የሚሰማው ወታደር ግን አያገኝም። እንዲያውም ራሱ ተይዞ ይታሰራል። ሥልጣኑን ያገኘው ከመታዘዙ ነበርና።

እዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ እንደ መቶ አለቃው ከሌላ ሥልጣን የተቀበለ አይደለም። እርሱ አምላክ ወልደ አምላክ ስለሆነ ሥልጣኑ የባሕርዩ ነው። ለቅዱሳን፣ ለካህናትና ለእኛ የተሰጠው ግን የጸጋ ነው። መቶ አለቃውም ሊል የፈለገው፣ እኔ ከሰው በታች ያለሁት ሰው ቃሌ የሚሰማ ከሆነ፣ አንተማ የሁሉ ጌታ ስለሆንህ ሕመም እንዴት ቃልህን አይሰማም? ነው። ጌታችንም ይህን ሰምቶ አደነቀ፤ በእስራኤል እንኳ እንዲህ ያለ እምነት እንዳላገኘ ተናገረ። አገልጋዩም በዚያች ሰዓት ዳነ።

«እግዚአብሔር ይፍታህ»

ይህን ነገር በየሳምንቱ በቤተ ክርስቲያን እናየዋለን፤ ነገር ግን ስለለመድነው ልብ አንለውም። ንስሓ የገባ ሰው ወደ ካህን ቀርቦ ሲንበረከክ ካህኑ ምን ይላሉ? «እኔ ፈታሁህ» አይሉም። «እግዚአብሔር ይፍታህ» ይላሉ፤ ለሴት ከሆነም «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ይላሉ። የማሰርና የመፍታት ሥልጣን በእውነት አላቸው። ጌታችን በትንሣኤው ዕለት ማታ ለሐዋርያት እፍ ብሎባቸው የሰጣቸው ሥልጣን ነው (ዮሐ. 20÷19-23)። ከሐዋርያት ወደ ጳጳሳት፣ ከጳጳሳት ወደ ካህናት እጅ በመጫን ሲወርድ ሲዋረድ እዚህ ደርሷል። ሆኖም ካህኑ በአንደበታቸው የሚጠሩት የራሳቸውን ስም ሳይሆን የእግዚአብሔርን ስም ነው። ትልቅ ሰው፣ ሹምም ቢሆን፣ ባለጸጋም ቢሆን፣ መስቀላቸውን ጎንበስ ብሎ ይሳለማል። እርሳቸው ደግሞ ወደ ቤተ መቅደስ ሲገቡ እንደማንኛውም ምእመን ጫማቸውን አውልቀው በእግዚአብሔር ፊት ይሰግዳሉ። በጸሎተ ሐሙስም ዝቅ ብለው የምእመናንን እግር ያጥባሉ። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ያጠበበት ቀን ነውና። ካህን ከሃይማኖት ቢወጣና ባይመለስ ግን ከሥልጣኑ ይሻራል፤ እንዳመፀው መቶ አለቃ መሆኑ ነው።

የአስቄዋ ልጆች

ሳይታዘዙ ሥልጣን የፈለጉ ሰዎችም ነበሩ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ስለ እነርሱ ይነግረናል። በኤፌሶን ከተማ ቅዱስ ጳውሎስ ድውያንን ይፈውስ፣ አጋንንትንም ያወጣ ነበር፤ ልብሱ ላይ የነበረ ጨርቅ እንኳ በሕመምተኞች ላይ ሲያኖሩት ይድኑ ነበር። አስቄዋ የሚባል የአይሁድ የካህናት አለቃ ሰባት ልጆች ይህን አዩ። እነርሱም እንደ ድግምት ቃል፣ ጳውሎስ በሚሰብከው በኢየሱስ ስም እያሉ ርኩስ መንፈስ ባደረበት ሰው ላይ ይጠሩ ጀመር። ክርስቶስን አላመኑበትም፤ አልተገዙለትም፤ ስሙን ብቻ ሊጠቀሙበት ፈለጉ።

ክፉው መንፈስ ኢየሱስንም ጳውሎስንም እንደሚያውቅ ተናግሮ፣ እናንተስ እነማን ናችሁ ሲል ጠየቃቸው። መልስ አልነበራቸውም። ሰውየውም ዘሎባቸው አሸነፋቸው፤ ሰባቱም ቆስለው ዕርቃናቸውን ከዚያ ቤት ሸሹ። አንድ ሰው ሰባት ሰዎችን!

ታዲያ ቅዱስ ጳውሎስን በምን በለጣቸው ትላላችሁ? እርሱም እኮ ቀድሞ ሳውል ተብሎ ክርስቲያኖችን የሚያሳድድ ነበር። ነገር ግን በደማስቆ መንገድ ላይ ብርሃን አንጸባርቆበት በወደቀ ጊዜ፣ ጌታ ሆይ ምን አደርግ ዘንድ ትወዳለህ ብሎ ጠየቀ። የሥልጣኑ መጀመሪያ ያች ጥያቄ ነበረች። ሐዋርያው ያዕቆብም በመልእክቱ (ያዕ. 4÷7) ዲያብሎስን እንድንቃወም ከማዘዙ በፊት ለእግዚአብሔር እንድንገዛ ያዝዘናል። ቅደም ተከተሉን አትርሱት። የአስቄዋ ልጆች ፊተኛውን ትተው ወደ ኋለኛው ዘለሉ።

አንበሶቹ ለምን ታዘዙ?

በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የአባታችንን የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል አይታችኋል። ሰውነታቸው በጠጉር የተሸፈነ ነው፤ በግራና በቀኛቸው አንበሶችና ነብሮች አሉ። ስድሳ አናብስትና ስድሳ አናብርት ይከተሏቸው እንደነበረ ይነገራል። ወር በገባ በ5 የሚታሰቡት፣ በዝቋላ ገዳም የታወቁት አባት እርሳቸው ናቸው። ልጆች ሥዕሉን አይተው «አንበሳው ለምን አልበላቸውም?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ጥሩ ጥያቄ ነው።

መልሱን ለማግኘት ወደ አዳም እንመለስ። እግዚአብሔር አዳምን በፈጠረው ጊዜ በምድር እንስሳት ሁሉ ላይ አሠለጠነው። እንስሳትንም ወደ እርሱ አመጣቸው፤ አዳም ለእያንዳንዳቸው ስም አወጣላቸው (ዘፍ. 1÷28፤ 2÷19-20)። አንበሳ ያን ጊዜ ለአዳም የሚያስፈራ አውሬ አልነበረም። አዳም የፈጣሪውን ትእዛዝ ባፈረሰ ጊዜ ግን ፍጥረት በእርሱ ላይ ተነሣበት። ለበላዩ ስላልታዘዘ የበታቾቹ አልታዘዙለትም። ቅዱሳን አባቶች ደግሞ በጾም፣ በጸሎትና በትሕትና ለእግዚአብሔር ፈጽመው ስለተገዙ አዳም ያጣው ክብር በጸጋ ተመለሰላቸው። ስማቸውንም አስተውሉ። «ገብር» በግእዝ አገልጋይ፣ ባሪያ ማለት ነው። ገብረ መንፈስ ቅዱስ ማለት እንግዲህ የመንፈስ ቅዱስ አገልጋይ ማለት ነው። አንበሶችና ነብሮች የተከተሉት «አገልጋይ» የሚባሉትን አባት ነው።

እኛስ?

«እኛ ሕፃናት ነን፤ ምን ሥልጣን አለን?» ትሉ ይሆናል። ጌታችን በዐሥራ ሁለት ዓመቱ በቤተ መቅደስ ከመምህራን ጋር ሲነጋገር የሰሙት ሁሉ በማስተዋሉ ተገረሙ። ከዚያ በኋላ ግን ከእመቤታችንና ከቅዱስ ዮሴፍ ጋር ወደ ናዝሬት ወርዶ ይታዘዛቸው ነበር (ሉቃ. 2÷51)። የሁሉ ጌታ ለእናቱ ከታዘዘ፣ እናታችሁ «ልጄ፣ እንጀራውን አቅርብልኝ» ስትላችሁ ማጉረምረም አይገባም።

ማታ በጨለማ ስትፈሩም ታማትባላችሁ። ጣታችሁን ከግንባራችሁ ወደ ታች፣ ከዚያም ከግራ ወደ ቀኝ ታደርጋላችሁ። ከላይ ወደ ታች ማድረጋችን ጌታችን ከሰማየ ሰማያት መውረዱን፣ ከግራ ወደ ቀኝ ማድረጋችን ደግሞ ከጨለማ ወደ ብርሃን እንዳወጣን የሚያመለክት ነው። ይህ የአስቄዋ ልጆች እንዳደረጉት ድግምት አይደለም። ስታማትቡ «እኔ የክርስቶስ ነኝ» ማለታችሁ ነው። ስለዚህ በልባችሁም የእርሱ ሁኑ። ቀን ላይ ጓደኛውን ደብድቦ፣ ሰርቆ ወይም ዋሽቶ የዋለ ልጅ ሳይተኛ በፊት ለእግዚአብሔር ጥፋቱን ተናግሮ ይቅርታ ይለምን፤ በማግስቱም የበደለውን ልጅ ይቅር በለኝ ይበለው።

አንድ ነገር ግን በደንብ ስሙ። መታዘዝ ማለት ማንም ያዘዘውን ሁሉ ማድረግ ማለት አይደለም። ቅዱስ ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ነበር። መኰንኑ እርሱንና እናቱን ቅድስት ኢየሉጣን ለጣዖት ስገዱ አላቸው። መኰንን መሆኑ እውነት ነው፤ ትእዛዙ ግን የእግዚአብሔርን ትእዛዝ የሚያፈርስ ስለሆነ አልታዘዙትም። በትልቅ ጋን ውኃ አፍልተው ሊጨምሯቸው ሲሉ ድምፁ እንደ ነጎድጓድ ነበርና እናቱ ፈራች። ሕፃኑ ግን ሠለስቱ ደቂቅን አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእሳት ያዳነ አምላክ እኛንም ያድነናል እያለ አጽናናት፤ ስለ እርስዋም ጸለየ። እርሷም በርትታ አብራው ገባች። መልአኩ ቅዱስ ገብርኤልም የውኃውን ግለት አቀዝቅዞ አዳናቸው። ሐምሌ 19 ቀን የምናከብረው በዓል ይህ ነው።

ስለዚህ አንድ ትልቅ ሰው፣ ጎረቤትም ይሁን ዘመድ ወይም የምታከብሩት ሌላ ሰው፣ ክፉ ነገር እንድታደርጉ ቢያዝዛችሁ፣ ወይም ክፉ ነገር አድርጎባችሁ «ለማንም እንዳትናገሩ» ቢላችሁ፣ ዝም ማለት መታዘዝ አይደለም። ለእናታችሁ፣ ለአባታችሁ ወይም ለምታምኑት ሌላ ትልቅ ሰው ንገሩ። እግዚአብሔር በዚህ አይቆጣም፤ ጥፋቱም የእናንተ አይደለም።

ለሚመጣው እሑድ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19ን ከቁጥር 11 እስከ 20 አንብባችሁ ኑ። የኤፌሶን ሰዎች የአስቄዋን ልጆች ታሪክ ከሰሙ በኋላ የጥንቆላ መጻሕፍታቸውን ምን እንዳደረጓቸውና ዋጋቸው ስንት ሆኖ እንደተገኘ በደብተራችሁ ጻፉ። ማንበብ ለማይችሉት ታናናሾቻችሁም አንብቡላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።