ሰማይ ጠርቶ ጣሪያ የሚያንጠባጥበው ለምንድን ነው?

ነቀምት ዝናብ አይቸግራትም፤ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፣ ከአዲስ አበባ እጅግ ይበልጣል። የሚገርመው ግን፣ የጎተራና የዕቃ ቤት ቆርቆሮ አንዳንዴ የሚያንጠባጥበው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው። ኅዳር ላይ ሌሊቱን ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል፤ ጠዋት ሲገባ የበቆሎው ጆንያ ርሷል። ባለቤቱ መሰላል አቁሞ ሚስማሩን ሁሉ በሬንጅ ይደፍናል። በማግስቱም ያው ነው!

ቀዳዳ ስለሌለ ነዋ። ቆርቆሮው አልቦታል።

ደመና በሌለበት ሌሊት ቆርቆሮ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ለቅቆ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። አንድ ሜትር ኩብ አየር በ20 ዲግሪ 17 ግራም ያህል ተን ይይዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን 9 ግራም ገደማ ብቻ። ትርፉ በድስት ክዳን ሥር እንደሚንጠለጠለው ላብ ቆርቆሮው ላይ ውሃ ይሆናል። ሳር ክዳን ቤት ይህ ችግር እምብዛም የለበትም፤ በሳሩ መሀል የታመቀው አየር የውስጡን ፊት አያስቀዘቅዘውም።

ተኑስ ከየት መጣ? ከውስጥ! በደንብ ያልደረቀ በቆሎ ይተነፍሳል፣ የአፈር ወለል እርጥበት ያወጣል፣ አጠገቡ በረት ካለ የከብቱ ትንፋሽ ይጨመራል። ስለዚህ ቤቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነገሩን ያባብሰዋል። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር በሁለት ትይዩ ጎን አየር ማስገቢያ ይተዉ፤ አይጥ እንዳይገባ ወንፊት ሽቦ ይመታበት። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር። የጊምቢ ሰዎች ጀንፈል ቡናም እንዲሁ ነው፤ የደረቀው እርጥበት መልሶ ይጠጣል።

በቆሎው መድረቁን በጨው መፈተን ይቻላል፤ እኔ ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ። ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት በቆሎና ደረቅ ጨው ጨምሮ መናጥ፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ያህል መጠበቅ። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነውና ወደ ፀሐይ ይመለስ። ለማከማቸት 13 በመቶ ገደማ ይሻላል።

ዝገትም የዚሁ እርጥበት ልጅ ነው። ማረሻና ዶማ ከዩሪያ ማዳበሪያ ጎን አይቀመጡ፤ ማዳበሪያው ውሃ ከአየር ስቦ ብረቱን ይበላዋል። ጭቃውን አራግፎ፣ አድርቆ፣ ዘይት መቀባት ይበቃል፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሆነ ግን ከእህሉ ይራቅ።

እናም ሬንጅ ከመግዛታችሁ በፊት በማለዳ ገብታችሁ የቆርቆሮውን ሆድ ዳብሱ። አንድ ቦታ ብቻ ከረጠበ ቀዳዳ ነው፤ ሁሉም ከረጠበ የጎደለው አየር ነው።