ጉበት ያለ ቫይረስና ያለ መጠጥ ሲታመም፦ የአንጀት ባክቴሪያዎች ድርሻ ምንድን ነው?



የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ሲሆንና ሽንት ሲጠቁር በአገራችን ቶሎ የሚሰጠው ስም «የወፍ በሽታ» ነው። ብዙዎች ከሐኪም ቤት በፊት ወደ ቅጠል አዋቂ ይሮጣሉ። ሐኪም ዘንድ የሚሄዱትም የሚጠብቁት መልስ አብዛኛውን ጊዜ «ሄፓታይተስ ቢ ነው» ወይም «ሲ ነው» የሚል ነው። ቫይረሱ ካልተገኘ ደግሞ ወሬው ወደ መጠጥ ይዞራል። በሕይወቷ አልኮል ቀምሳ የማታውቅ እህት «ጉበቷን ታመመች» ሲባል በጎረቤት ዘንድ የምትታይበት ዓይን ከሕመሙ በላይ ሊከብዳት ይችላል።

ለዚህ ነው ዛሬ ስለ አንድ ብዙም ስለማይወራለት በሽታ ለመጻፍ የወደድነው። ቫይረስ ሳይገባ፣ መጠጥም ሳይነካ ጉበት በራሱ በሰውነታችን የመከላከያ ሥርዓት ሊጠቃ ይችላል። በቅርብ ዓመታት የወጡ ጥናቶች ደግሞ ከዚህ ጥቃት ጀርባ የአንጀት ባክቴሪያዎች ድርሻ ሊኖራቸው እንደሚችል እያመለከቱ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

የሰውነታችን የመከላከያ ሥርዓት ተግባሩ ከውጭ የሚመጣን ጀርም ለይቶ መምታት ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን የራስንና የባዕድን መለየት ይሳነውና የገዛ አካሉን መውጋት ይጀምራል። ዒላማው የጉበት ሕዋሳት ሲሆኑ ሕመሙ «አውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ» ይባላል። በ1950 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሕመም ቀድሞ የገለጸው ስዊድናዊው ሐኪም ያን ቫልደንስትሮም ነው።

በሽታው በየትኛውም ዕድሜ ሊመጣ ይችላል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያበዛል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አንዳንዱን በድንገት ቢጫ አድርጎ ይጥለዋል። ሌላው ደግሞ ለወራት ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመምና የምግብ ፍላጎት ማጣት ብቻ ሊሰማው ይችላል፤ ምንም ሳይሰማው በሌላ ምክንያት በተደረገ የደም ምርመራ የሚታወቅበትም አለ። ሳይታከም ከቆየ ጉበት ይጠባሳል፤ ሐኪሞች «ሲሮሲስ» ወደሚሉት ደረጃም ይደርሳል።

አንጀትና ጉበት ምን ያገናኛቸዋል?

ጉበት ከሚደርሰው ደም ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ የሚመጣው በቀጥታ ከአንጀትና ከአካባቢው ነው። የበላነው ምግብ ተፈጭቶ ወደ ደም ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚያርፈው ጉበት ላይ ነው። ስለዚህ ጉበት የአንጀት የቅርብ ጎረቤትም፣ የሚመጣውን ሁሉ የሚፈትሽ ኬላም ነው።

በአንጀታችን ውስጥ ደግሞ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ስሌት መሠረት በአንድ አማካይ አዋቂ ወንድ አካል ውስጥ ወደ 38 ትሪሊዮን ባክቴሪያዎች አሉ፤ አብዛኞቹም የሚገኙት በትልቁ አንጀት ነው። ቁጥሩ ከራሳችን ሕዋሳት ቁጥር ጋር የሚቀራረብ ነው። አብዛኞቹ ጠላት አይደሉም፤ እኛ መፍጨት ያቃተንን አሰር ይፈጩልናል፣ ቫይታሚን ያመርታሉ፣ ጎጂ ጀርም ቦታ እንዳያገኝ ይከላከላሉ።

ሰላሙ የሚጠበቀው ግን ሁሉም በቦታው ሲሆን ነው። የአንጀት ውስጠኛ ግድግዳ የአንድ ረድፍ ሕዋስ ውፍረት ብቻ ያለው ሲሆን በላዩ ዝልግልግ ፈሳሽ ተሸፍኗል። ይህ ግድግዳ ሲሳሳ ወይም ሲሰነጠቅ ባክቴሪያዎች ወይም ስብርባሪዎቻቸው ወደ ደም ሾልከው ይገባሉ። የመጀመሪያ ማረፊያቸውም ጉበት ነው።

ተመራማሪዎች ምን አገኙ?

በአሜሪካ የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ብዙ ትኩረት ስቧል። በተፈጥሯቸው ለእንዲህ ዓይነት ሕመም የተጋለጡ አይጦች ላይ «ኢንቴሮኮከስ ጋሊናረም» የተባለ ባክቴሪያ ከአንጀት ወጥቶ ጉበትና ሌሎች አካላት ውስጥ ሲገባ፣ የመከላከያ ሥርዓቱም በራሱ አካል ላይ እንዲነሳ ሲያደርግ አዩ። ባክቴሪያውን በአንቲባዮቲክ ወይም ለእሱ ብቻ በተዘጋጀ ክትባት ሲቆጣጠሩት የአይጦቹ ሕመም ቀነሰ። የዚሁ ባክቴሪያ ዘረመል ከአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስና ከሉፐስ ታማሚዎች ጉበት በተወሰደ ናሙና ውስጥም ተገኝቷል።

በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች የሐሞት ቱቦን የሚያጠብብና የሚያጠባብስ ሌላ የጉበት ሕመም ካለባቸው ሰዎች አንጀት የተወሰዱ ባክቴሪያዎችን ጀርም በሌላቸው አይጦች ውስጥ አስገቡ። «ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ» የተባለው ባክቴሪያ የአንጀትን ግድግዳ ሲበሳ አገኙት። የዚህ ሕመም ተጠቂ ከሆኑት ውስጥ አብዛኞቹ የአንጀት ቁስለት ሕመም አብሮ ያለባቸው መሆኑም ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው።

ሌላው መንገድ መመሳሰል ነው። የአንዳንድ ባክቴሪያዎች ፕሮቲን ከእኛ ፕሮቲን ጋር በጣም ይመሳሰላል። የመከላከያ ሥርዓቱ ባክቴሪያውን ለመምታት የተማረው ነገር፣ በስህተት የራስን ሕዋስ ለመምታት ሊውል ይችላል።

«እንግዲያው አንቲባዮቲክ ልውሰድ?»

አይሆንም! ይህን ጽሑፍ ያነበበ ሰው ወደ መድኃኒት ቤት ሮጦ አንቲባዮቲክ እንዳይገዛ አደራ እንላለን። አንደኛ፣ በአይጥ ላይ የታየ ውጤት ለሰው ሕክምና ሆኖ አልጸደቀም። ባክቴሪያው ብቻውን በሽታውን ያመጣል ማለትም አይደለም፤ በዘር የሚወረስ ተጋላጭነትም አብሮ አለበት። ሁለተኛ፣ አንቲባዮቲክ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይፈጃል። ሦስተኛና ዋናው፣ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሰጠው ናይትሮፉራንቶይንና ለብጉር የሚሰጠው ሚኖሳይክሊን በአንዳንድ ሰዎች ላይ ራሳቸው ይህንኑ የጉበት ሕመም የሚመስል ጉዳት ያስከትላሉ።

ስለ ጫትም ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። በሐረር በሁለት ሆስፒታሎች ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ጫት መቃም፣ በተለይ በወንዶች ላይ፣ ሥር ለሰደደ የጉበት በሽታ እንደሚያጋልጥ አሳይቷል፤ የሚቃመው በበዛ ቁጥርም አደጋው ይጨምራል። በብሪታንያ ያሉ ሐኪሞችም በጫት ቃሚዎች ላይ ከአውቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ጋር የሚመሳሰል ሕመም ማየታቸውን ዘግበዋል። ምንነቱ ያልታወቀ የቅጠል መድኃኒትም ለታመመ ጉበት ተጨማሪ ሸክም ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው

ደስ የሚለው ነገር በሽታው መድኃኒት ያለው መሆኑ ነው። ሐኪሙ የጉበት ኢንዛይሞችን፣ በደም ውስጥ ያሉ ፀረ እንግዳ አካላትን ይመረምራል፤ አስፈላጊ ሲሆንም ከጉበት ናሙና ይወስዳል። ከዚያ ፕሬድኒሶሎን፣ ብዙውን ጊዜም አዛታዮፕሪን ይሰጣል። አብዛኞቹ ታማሚዎች በዚህ ሕክምና ይሻላቸዋል። ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ሊዘለል አይገባም፤ እነዚህ መድኃኒቶች ተኝቶ የነበረን ቫይረስ ሊቀሰቅሱ ይችላሉና።

ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ፕሬድኒሶሎን በድንገት ከተቋረጠ ለሕይወት አስጊ ነው። በረመዳን «ጾም ላይ ነኝ» ብለው መድኃኒት የሚያቋርጡ ወገኖቻችን ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። ሸሪዓችን ለታመመ ሰው ያደረገው ገርነት የታወቀ ነው። ረመዳን ከመግባቱ ሳምንታት በፊት ሐኪምን ማማከር፣ መድኃኒቱን ወደ ሱሑር ወይም ኢፍጣር ማዞር ይቻል እንደሆነ መጠየቅ፣ ብይኑንም ከዓሊሞች መረዳት ተገቢ ነው።

በመጨረሻም፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነን ሰው ስናይ በልባችን ከመፍረድ በፊት ወደ ሐኪም ቤት እንዲደርስ እናግዘው። ምክንያቱን ሳያጣሩ ስለ ወንድምና እህት ክፉ መጠርጠር ወንጀል ነው፤ ሕመምን ደብቆ መቆየትም ለጉበት ጠባሳ በር ይከፍታል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይላክላቸው፣ ጤነኞቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን!