ከመጠጫው ሥር ያለው ጠላት

ጫጩቶቹ በገቡ በአራተኛው ሳምንት አንዷ ጥግ ይዛ ትቆማለች፤ ላባዋ ቆሞ፣ ክንፏ ወድቆ፣ ዓይኗን ጨፍና። ጉዝጓዙ ላይ ደም የቀላቀለ ኩስ ይታያል። ባለቤቱ «ፈንግል ገባብኝ» ይላል።

ፈንግል ግን ሌላ ነው፤ ቫይረስ የሚያመጣው፣ የራሱ ክትባት ያለው። ይሄኛው ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ አይሜሪያ የሚባል በዓይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ ያመጣዋል። አሜሪካዊው ኤርነስት ታይዘር ዝርያዎቹን ለይቶ የጻፈው በፈረንጆቹ 1929 ነው። ከሁሉ ክፉው ቴኔላ ዕውር አንጀትን ያደማል።

የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በኅዳር 2015 ከተጀመረ ወዲህ በየግቢው ዶሮ ማርባት የከተሜውም ሥራ ሆኗል። የሥጋ ዶሮ ሒሳብ ደግሞ የቀን ሒሳብ ነው። በ45 ቀን ገደማ ለገበያ የምትደርስ ዶሮ አንድ ሳምንት ከታመመች መኖው ባከነ ማለት ነው፤ በሽታው የሚበረታውም ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ነው።

ሐረርን እንውሰድ፤ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይበርዳል። አርቢው ጫጩት እንዳይበርዳት መስኮቱን ይደፍናል። ቤቱ ይሞቃል፣ እርጥበቱም መውጫ ያጣል። ከኩስ ጋር የወጣው የጥገኛው እንቁላል የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ካገኘ በአንድ ሁለት ቀን ለመበከል ይደርሳል።

ከተማዋ የውኃ ችግርን ታውቃለች። ለዓመታት የቀዳችበት የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ደርቆባት ነበር። «ቤቱን በምን ውኃ ልጠበው?» የሚል አርቢ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ይህ ጥገኛ የሚፈራው ውኃን ሳይሆን ድርቀትን ነው። የተለመዱት ፀረ ጀርም ኬሚካሎችም ብዙም አይደፍሩትም።

መድኃኒቱ አምፕሮሊየም በመጠጥ ውኃ ይሰጣል፤ የታመመች ዶሮ መብላት ብታቆም እንኳ ትጠጣለችና። የሚሠራው ጥገኛውን ቫይታሚን ቢ1 በማሳጣት ነው። «ያበረታታት» ብሎ አብሮ ቫይታሚን የሚበጠብጥ ሰው ታዲያ በአንድ እጁ የሰጠውን በሌላው ይነጥቃል። በሽታውን ለይቶ ለማወቅም የሞተችውን ዶሮ ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ይሻላል፤ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምረው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚርቀው።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ፍተሻ አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ከመጠጫው ሥር አንድ እፍኝ ሰጋቱራ አንስቶ ጨብጦ መልቀቅ። ከተበተነ ደህና ነው። እንደ ተጨበጠ ከቀረ፣ በሽታው ገና ዶሮዋ ላይ ሳይታይ ቤቱ ታሟል።