ብስክሌት ወድቆ ሲነሳ ፔዳሉ ለምን አልዞርም ይላል?

ትንሽ ወድቆ የተነሳ ብስክሌት ከውጭ ሲታይ ምንም ያልሆነ ሊመስል ይችላል። መሪው ቀጥ ብሏል፤ ጎማው አልተነፈሰም፤ ኮርቻውም ከቦታው አልተናጋም። ፔዳሉ ግን አልዞርም ይላል። አንዳንዴ ደግሞ በተቃራኒው ፔዳሉ ያለ ምንም ክብደት በባዶው ይሽከረከራል፤ የኋላው ጎማ ግን ንቅንቅ አይልም። ሁለቱም ሁኔታዎች ነጂውን የሚያስደነግጡትን ያህል የከፉ አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ የሆነው ነገር ሰንሰለቱ ከጥርሱ ላይ መውረዱ ነው፤ እሱን ለመመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእጅ በቀር መሣሪያ አያስፈልግም። ትንሹ ችግር ወደ ትልቅ ወጪ የሚቀየረው ነጂው ተመልሶ ሲቀመጥና የተያዘውን ፔዳል በእግሩ ጉልበት ለማስለቀቅ ሲሞክር ነው።

ምክንያቱን የኃይሉ ስሌት ያስረዳል። የተለመደው የፔዳል ክንድ 170 ሚሊ ሜትር ገደማ ይረዝማል። 44 ጥርስ ያለው የፊት ክብ ግን ከመሐሉ እስከ ሰንሰለቱ መስመር ያለው ርቀት 89 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የእግር ግፊት ሰንሰለቱ ላይ የሚደርሰው ወደ ሁለት እጥፍ ተጠግቶ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ክንዱ አግድም በሆነበት ቅጽበት ሙሉ ክብደቱን ፔዳሉ ላይ ቢጥል፣ ሰንሰለቱ ከ130 ኪሎ በላይ የሆነ ሸክም እንደተንጠለጠለበት ይወጠራል። ሰንሰለቱ በቦታው ካለ ይህ ጉልበት ብስክሌቱን ዳገት ያወጣዋል። ከቦታው ወርዶ አንድ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ከተቀረቀረ ግን ያው ጉልበት ጥርስ ያጣምማል፣ የጎማ ሽቦ ይቆርጣል፣ ቴላዮ ይፍቃል።

ሰንሰለት የብስክሌት ዋና አካል የሆነው ዘግየት ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ በነበሩት ባለ ግዙፍ የፊት ጎማ ብስክሌቶች ፔዳሉ በቀጥታ በፊተኛው ጎማ እምብርት ላይ ይገጠም ስለነበር የሚወርድ ነገር አልነበራቸውም፤ ነጂው ራሱ ግን ከዚያ ከፍታ በግንባሩ ይወድቅ ነበር። ሃንስ ሬኖልድ በ1880 በእንግሊዟ ማንቸስተር ዛሬም መሠረቱ ያልተለወጠውን የሰንሰለት ዓይነት ፈጠረ። በ1885 ደግሞ ጆን ኬምፕ ስታርሊ ሮቨር የተባለውን፣ ሁለቱ ጎማዎቹ የተቀራረበ መጠን ያላቸውንና ጉልበቱን በሰንሰለት ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈውን ብስክሌት አወጣ። ነጂው ወደ መሬት ቀረበ፤ በምላሹም የሚወርድ ሰንሰለት መጣ። ልውውጡ እጅግ የሚያዋጣ ነበር።

ሰንሰለቱን በጥርሶቹ ላይ የሚያቆየው ውጥረት ነው። ብስክሌቱ ሲነዳ የላይኛው መስመር ይወጠራል፤ የታችኛው ይላላል። ማርሽ ባላቸው ብስክሌቶች ይህን ልልነት የሚሰበስበው በሞላ የሚሳበው የኋላ ማርሽ ቀያሪ ነው። ብስክሌቱ መሬት ሲመታ ሞላው ለቅጽበት ይሸነፋል፤ የታችኛው መስመር ይዘላል፤ ሰንሰለቱም ወደ ጎን ይሾልካል። ማርሽ እንዲቀየርበት ሲባል ወደ ጎን መተጣጠፍ እንዲችል ሆኖ ስለተሠራ መሹለክ አይከብደውም። እንዲያውም ያለ ውድቀትም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2010ሩ ቱር ደ ፍራንስ የውድድሩን መሪ ቢጫ ማሊያ የለበሰው አንዲ ሽሌክ በፒረኔ ተራሮች፣ ፖር ደ ባሌስ ዳገት ላይ ጥቃት እንደከፈተ ሰንሰለቱ ወርዶበት በዚያ ቀን በተፎካካሪው በአልቤርቶ ኮንታዶር 39 ሰከንድ ተቀደመ። ውድድሩ ፓሪስ ላይ ሲያበቃም በኮንታዶር የተበለጠው በዚያው በ39 ሰከንድ ነበር፤ ድሉ ወደ ሽሌክ የዞረው የኮንታዶር ውጤት በአበረታች ንጥረ ነገር ምክንያት በ2012 ከተሰረዘ በኋላ ነው።

ጥገናው የሚጀምረው በማየት ነው። ማርሽ ቀያሪውና ሰንሰለቱ በቀኝ በኩል ስለሆኑ ብስክሌቱ በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ወይም በመሪውና በኮርቻው ተገልብጦ ይቆማል። ከዚያ የኋላው ጎማ በእጅ ወደፊት በቀስታ ይዞራል። ጎማው በነጻ እየዞረ ፔዳሉ ብቻ ከተያዘ፣ ሰንሰለቱ ከፊት ጥርሱና ከቴላዮው መሐል ገብቷል ማለት ነው። ጎማውም አብሮ ከተያዘ ተጠርጣሪዎቹ ፍሬኑ፣ የጭቃ መከላከያው፣ ከቦታው የሸሸው ጎማ ራሱ፣ ወይም በኋላ ጥርሶቹና በጎማው ሽቦዎች መካከል የገባ ሰንሰለት ናቸው። ፔዳሉ እየዞረ ጎማው ካልተከተለው ሰንሰለቱ ከአንዱ ጥርስ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ይህ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ ፍሬን የሚይዝ ብስክሌት ላይ ግን ፔዳሉ ወደ ኋላ አለመዞሩ ብልሽት አይደለም፤ ሥራው ነው።

ከፊት ጥርስ ላይ የወረደ ሰንሰለት የሚመለሰው መጀመሪያ ልል እንዲሆን በማድረግ ነው። የኋላ ማርሽ ቀያሪው ታችኛ ጫፍ በአንድ እጅ ወደፊት ሲገፋ የታችኛው መስመር ይላላል። በሌላው እጅ ሰንሰለቱ ከፊት ክቡ በላይኛው ጥርሶች ላይ ይሰካና ፔዳሉ ወደፊት ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ጥርሱ ሰንሰለቱን እየጎተተ ራሱ ያለብሰዋል። ከታችኛው ጥርሶች ላይ ሰክቶ ወደ ኋላ ማዞርም ያው ውጤት አለው። ሰንሰለቱ በኋላ በኩል ከማርሽ ቀያሪው የላይኛው ፑሊ በፊት፣ ከታችኛው ፑሊ በኋላ ማለፉ መረጋገጥ አለበት። ፔዳሉ በሚዞርበት ጊዜ ጣት በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ በዚህ ጥገና ውስጥ ሰው የሚጎዳበት ቦታ ይህ ነው። እጅን ከቅባት ለማዳን ቁራጭ ጨርቅ ወይም ወፍራም ቅጠል ይበቃል።

የተቀረቀረ ሰንሰለት ትዕግሥት ይጠይቃል። በገባበት መንገድ እንዲወጣ ፔዳሉ በእጅ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሰንሰለቱም ከጎን ወደ ጎን እየተነቀነቀ ይሳባል። ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ካቻቢቴ ክፍተቱን በጥቂቱ ሊያሰፋ ይችላል፤ በካርቦን ቴላዮ ላይ ግን ብረት ባያርፍ ይሻላል። ሰንሰለቱ በትንሹ የኋላ ጥርስና በቴላዮው መሐል ከገባ የኋላውን ጎማ ማላላት ብቻውን ይለቀዋል። ወደ ሽቦዎቹ በኩል ከወረደ ደግሞ ጎማውን ጨርሶ ማውጣቱ ከመጎተት ያተርፋል፤ በሰንሰለት የተፋቀ ሽቦ ያን ዕለት ባይቆረጥ ሌላ ቀን መቆረጡ አይቀርም።

በባሕር ዳር፣ በሐዋሳና በሌሎች ሜዳማ ከተሞች ለዕለት ሥራ በሚያገለግሉ ማርሽ አልባ ብስክሌቶች ውጥረቱን የሚጠብቅ ሞላ የለም። ሰንሰለቱን የሚወጥረው የኋላው ጎማ አቀማመጥ ነው። የጎማው ሁለት ዳዶዎች ይላላሉ፤ ጎማው ወደፊት ይገፋል፤ ሰንሰለቱ ይለብሳል፤ ጎማው ወደ ኋላ ተስቦና መሐል ተደርጎ ዳዶዎቹ ይጠብቃሉ። ሰንሰለቱ አጋማሹ ላይ በጣት ሲነካ ወደ ላይና ወደ ታች በድምሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መጫወት አለበት። ከዚያ በላይ ከላላ ተመልሶ ይወርዳል፤ ፈጽሞ ከተወጠረ ደግሞ ኩሽኔታውን ይበላል። በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ ውድቀት የሚያጣምመው የሰንሰለቱን ቆርቆሮ መሸፈኛም አለ፤ በእጅ ወደ ውጭ ሲመለስ ፔዳሉ ወዲያው ይለቃል።

በቀኝ ጎኑ የወደቀ ባለ ማርሽ ብስክሌት ሰንሰለቱ ከተመለሰ በኋላም በጥንቃቄ መታየት ይኖርበታል። በቀኝ በኩል መሬቱን ከሚነኩት ቀዳሚዎች አንዱ ከቴላዮው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለው ማርሽ ቀያሪ ነው። በአሉሚኒየምና በካርቦን ብስክሌቶች ይህ ክፍል ከቴላዮው ጋር በአብዛኛው የሚያያዘው በአንዲት ትንሽ የአሉሚኒየም ማንጠልጠያ ነው። ሆን ተብሎ ደካማ ተደርጋ ትሠራለች፤ ፊውዝ ሌላውን ዕቃ ለማዳን ራሱ እንደሚቃጠል ሁሉ እሷም ቴላዮው እንዳይጎዳ ቀድማ ትታጠፋለች ወይም ትሰበራለች። መታጠፏ የሚታወቀው ብስክሌቱ ከኋላ ሲታይ ነው፦ ሁለቱ ፑሊዎች ከላያቸው ካለው ጥርስ ጋር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር መዋል አለባቸው። የታችኛው ፑሊ ወደ ጎማው ካዘነበለ ማንጠልጠያዋ ወደ ውስጥ ታጥፋለች።

ይህ ከሁሉ አደገኛው ጉዳት ነው፤ ምክንያቱም ብስክሌቱ ለጊዜው ይሄዳል። ነጂው ዳገት ላይ ደርሶ ሰንሰለቱን ወደ ትልቁ የኋላ ጥርስ ሲያሸጋግር ግን የታጠፈው ማርሽ ቀያሪ በሚሽከረከሩት ሽቦዎች መካከል ይገባል፤ ጎማው በቅጽበት ይቆማል፤ ሽቦዎች ይቆረጣሉ፤ ነጂውም ሁለተኛ ይወድቃል፣ ይህኛውም ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ስለዚህ ጥገና ቤት እስኪደረስ ድረስ ትላልቆቹን የኋላ ጥርሶች አለመጠቀም ግድ ነው። በመሐለኛው ማርሽ ቀስ ብሎ መሄድ ይቻላል። የአሉሚኒየም ማንጠልጠያ አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ቢቃና ሊያገለግል ይችላል፤ በታጠፈና በተቃና ቁጥር ግን ስለሚደክም መቀየሩ ይመረጣል። የብረት ቴላዮ ላይ ማንጠልጠያው የቴላዮው አካል ሲሆን ማቃናትን በተሻለ ይችላል። ማንጠልጠያው ሳይቃና የማርሽ ቀያሪውን ማስተካከያ ብሎኖች ማዞር ችግሩን መሸፈን እንጂ መፍታት አይደለም። የማንጠልጠያዋ ቅርጽ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ራቅ ወዳለ ቦታ የሚጓዝ ሰው ለራሱ ብስክሌት የሚሆን አንድ ትርፍ ቢይዝ ብልህነት ነው።

ጎማው ራሱ ሲያዝ ምርመራው ወደ ፍሬኑ ይዞራል። በውድቀት ጊዜ መሪው በኃይል ሲዞር የፍሬን ገመድ ሊጎተት፣ የፍሬኑ ክንድ ወደ አንድ ጎን ሊያዘነብል ይችላል፤ በእጅ ወደ መሐል ይመለሳል። ቸርኬው ተጣሞ ከፍሬን ጎማው ጋር ከተፋተገ ፍሬኑ ይከፈትና በቀሪው ፍሬን ብቻ በዝግታ ይኬዳል። የብረት ዲስክ ያለው ፍሬን ላይ ትንሽ የታጠፈ ዲስክ በንጹሕ ጨርቅ ተይዞ ይቃናል፤ ቅባት የነካው እጅ ካረፈበት ፍሬኑ የመያዝ አቅሙን ያጣል። የኋላው ጎማ በቀኝ በኩል ወደፊት ሸሽቶ ከግራው የቴላዮ ክንድ ጋር ከተነካካም ማላላት፣ መሐል ማድረግና ማጥበቅ ነው።

ሰንሰለቱ በቦታው እያለ ፔዳሉ በባዶ የሚዞርበት ጊዜ ብርቅ ነው። በኋላው ጥርስ ውስጥ ያሉትና ጎማው በነጻ ሲሽከረከር ጠቅ ጠቅ የሚሉት ትንንሽ መንጠቆዎች በቆሻሻ ወይም በደረቀ ግራሶ ታስረዋል ማለት ነው። ውድቀቱ ምክንያቱ አይደለም፤ መፍታትና ማጠብም የጠጋኝ ሥራ ነው።

ከመነዳቱ በፊት ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ፔዳሉ በእጅ ደጋግሞ ይዞራል። ሰንሰለቱ በአንድ ቦታ እየዘለለ ካለፈ አንድ ዘለበት ተጣሟል ወይም ደርቋል። የደረቀው በዘይትና በጣት ወደ ጎን በማለማመድ ይላላል፤ የተጣመመው ይቀየራል። ያረጀ ሰንሰለትም ይላላል፤ ሲላላ ደግሞ መውረድ ይቀናዋል። ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ስለሆነ 24 ዘለበቶች አዲስ ሳሉ 304.8 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ በማስመሪያ ሲለካ 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከጨመሩ ሰንሰለቱ የሚቀየርበት ጊዜ ደርሷል።

በእጅ የማይነኩ ጉዳቶችም አሉ። የተጣመመ የፔዳል ክንድ፣ ወደ ኋላ የተመለሰ ፎርኬታ፣ በቴላዮ መገጣጠሚያ ላይ የሚታይ ስንጥቅ ወይም የተሰነጠቀ ቀለም መንገድ ላይ አይጠገኑም። ፔዳሉ በሚገባ ቢዞርም እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ብስክሌት ተገፍቶ ወደ ጠጋኝ ይሂድ እንጂ አይነዳ።