ቃለ ትምህርትን ለመቅዳት የማይክሮፎንና የተንቀሳቃሽ ድምፅ መቅጃ አመራረጥ

በሥራ ላይ ያለ መምህር ሙያውን ለማሻሻል ወደ ማሠልጠኛ የሚመጣው በአብዛኛው በክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ግን በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ ዝናብ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። ዝናቡ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ በፊተኛው ወንበር የተቀመጠ ሠልጣኝ እንኳ ትምህርቱን በቅጡ ለመስማት ይቸገራል። ስለዚህም ቃለ ትምህርቱን ቀድቶ ሠልጣኙ ወደ ወረዳው ሲመለስ ደግሞ እንዲያዳምጠው ማድረግ ጠቃሚ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ ቃሉ የማይለይ ቅጂ ከድካም በቀር የሚያስገኘው ፋይዳ የለም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም መምህራንና የትምህርት ፕላን አውጪዎች መሣሪያ ሲመርጡ ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ነጥቦችን ማብራራት ነው።

ድምፅን ቀርጾ ወደ ሩቅ መላክ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ አጼ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1891 ዓ.ም. ገደማ ለእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት መልእክት በፎኖግራፍ የተቀረጸ ነበር። በዚያ ዘመን ተናጋሪው አፉን ወደ መሣሪያው ቀንድ አስጠግቶ መናገር ነበረበት። መሣሪያው ቢለወጥም ቁም ነገሩ አልተለወጠም፤ ይኸውም የቅጂ ጥራት ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው በአፍና በማይክሮፎን መካከል ባለው ርቀት ነው።

ሀ. ስለ ርቀት

ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ከተናጋሪው በቀጥታ የሚደርሰው የድምፅ ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ይህም የ6 ዴሲቤል ያህል ቅናሽ ነው። የዝናቡ ጫጫታና የግድግዳው ማስተጋባት ግን በክፍሉ ውስጥ በየትኛውም ስፍራ ተቀራራቢ ስለሆነ እምብዛም አይቀንስም። በመሆኑም ከአፍ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ደረት ላይ የተሰካ ርካሽ ማይክሮፎን፣ በ3 ሜትር ርቀት ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ ውድ መሣሪያ የጠራ ቃል ሊያስገኝ ይችላል።

ለ. ስለ ማይክሮፎን ዓይነት

ዳይናሚክ የሚባለው ማይክሮፎን በማግኔትና በጥቅል ሽቦ የሚሠራ ሲሆን የኤሌክትሪክ ኃይል አይሻም፤ እርጥበትንና መንገላታትንም ይችላል። ኮንደንሰር የሚባለው ይበልጥ ስሱ ነው፤ ነገር ግን ከመቅጃው ወይም ከባትሪ ኃይል ማግኘት አለበት። ደረት ላይ የሚሰኩት ትናንሾቹ አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ወገን ናቸው። ወደ ሰሌዳው እየዞረ ለሚያስተምር መምህር፣ ከየአቅጣጫው የሚቀበል የደረት ማይክሮፎን ይስማማዋል። በአንድ ስፍራ ቆሞ ለሚናገር ደግሞ ከፊት ለፊቱ ብቻ አጉልቶ የሚቀበለውን፣ ጀርባውን ወደ ጫጫታው አዙሮ ማቆም ይሻላል።

ሐ. ስለ መቅጃው

መቅጃው የውጭ ማይክሮፎንና የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ሊኖረው፣ በገበያ በሚገኝ ባትሪ ድንጋይም ሊሠራ ይገባል። የድምፁን መጠን በእጅ መወሰን የሚቻልበትም መሆን አለበት። በራሱ የሚያስተካክል መቅጃ፣ መምህሩ ለአፍታ ዝም ባለ ቁጥር የዝናቡን ጫጫታ ከፍ ያደርገዋልና።

የሰና የፈ ድምፆች የሚለዩት በአመዛኙ ከ4,000 ኸርዝ በላይ ባለው ክፍል ነው። በሰከንድ 8,000 ናሙና ብቻ የሚወስድ መቅጃ ግን ከ4,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ስለማይዝ «ሠራ» እና «ፈራ» ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ 16,000 ናሙናና ከዚያ በላይ የሚወስደውን መምረጥ ያስፈልጋል። በ44,100 ናሙናና በ16 ቢት፣ በአንድ መስመር ያልታመቀ የ1 ሰዓት ቅጂ 318 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። በ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 ሲታመቅ ግን 29 ሜጋባይት ያህል ስለሚሆን ለሠልጣኞች ስልክ ለማደል ይመቻል። የእጅ ስልክም ቢሆን የደረት ማይክሮፎን ከተገጠመለት ለዚህ ሥራ ይበቃል።

መ. ስለ አያያዝና ሙከራ

በጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ያህል ይመዝን ስለነበር በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ እስኪደርስ ወራት ፈጅቷል። ለትምህርት መሣሪያም ከጉልበቱ ጋር መጓጓዣው አብሮ ሊታሰብ ይገባል። በእግር ወደሚደረስበት ትምህርት ቤት የሚሄደው መሣሪያ በኪስ የሚያዝ ይሁን።

ብዙ ከመግዛት አስቀድሞ አንዱን በዚያው ክፍል፣ በዝናብ ሰዓት 5 ደቂቃ ቀድቶ መፈተን ይገባል። ቅጂውን በትምህርቱ ላይ ያልነበረ ሰው ያዳምጥና የሰማውን ይጻፍ። «ይበላል» የሚለው ቃል ላልቶ ወይም ጠብቆ መነገሩን ካልለየ፣ አስቀድሞ ማይክሮፎኑ ወደ አፍ ይቅረብ፤ ስለ ሌላ መሣሪያ ግዥ የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ገንዘቡ ውሱን በሆነ ጊዜም ለአንድ ውድ መቅጃ ከሚወጣው ይልቅ ለብዙ የደረት ማይክሮፎኖች የሚወጣው ለሠልጣኙ ይበልጥ ይጠቅማል።