የማይናገረውን ሕመምተኛ ማድመጥ

በነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት በጣም የሚያስፈራኝ ጮሆ የሚያለቅስ ሕፃን አልነበረም። የሚያለቅስ ልጅ ቢያንስ አቅም አለው። የሚያስፈራው ዝልፍልፍ ብሎ የተኛው፣ ጡት ሲሰጡት የማይዘው ነው። እናት «ዛሬስ ተመስገን፣ ጸጥ ብሎልኛል» ስትለኝ ከወንበሬ ብድግ እል ነበር።

ሕፃን አመመኝ አይልም፤ አተነፋፈሱ ግን ይናገራል። ሳያለቅስና ሳይጠባ ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል በሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አያዋጣም፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላልና። ከ2 ወር በታች ላለ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። የሳምባ ምች ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ውሰዱት። አየር ሲያስገባ የደረቱ ታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ መጥባት ካቃተው፣ ካንዘፈዘፈው ወይም የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ ሌሊትም ቢሆን አይደር።

«ጥርስ ሊያበቅል ነው» እየተባለ ስንት ቀን ይባክናል! ግግ ማስነቀልና እንጥል ማስቆረጥማ ትርፉ ደም መፍሰስና ቁስል ነው። አያቶች፣ እባካችሁ በዚህ ጉዳይ ቃላችሁ ስለሚሰማ እናንተ ከልክሉ።

የአዛውንቶቹ ደግሞ ሌላ ነው። አንደበታቸው በድንገት ከተያዘ ወይም ፊታቸው በአንድ ጎን ከተጣመመ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። መዋጥ መቻላቸው ሳይታይ ውኃም ሆነ አጥሚት አታጉርሷቸው፤ ወደ ሳምባ ይገባል። ከስትሮክ በኋላ መናገር ያቃታቸው ሰው የሚባለውን ሁሉ እየሰሙ ሊሆን ይችላል። አልጋቸው አጠገብ ስለ ውርስ የሚያወራ ዘመድ ካለ ወደ ውጭ አስወጡት። በራስ ንቅናቄ የሚመለስ አጭር ጥያቄ ጠይቁ፣ አንድ በአንድ፤ መልሱንም ታገሡ። አንዳንዶቹ «አዎ»ና «አይ» ስለሚምታታባቸው፣ መልሱን የምታውቁትን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቁና አረጋግጡ።

የመርሳት በሽታ ያለባቸው እናት በድንገት ከተቆጡ፣ እጃችሁን ከገፉ ወይም ቀን ተኝተው ሌሊት ከቃዡ «ጃጅተው ነው» ብላችሁ አትለፉት። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የጀርባ ቁስል፣ አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። ስታገላብጧቸው ፊታቸውን እዩ፤ የቱ ጋ ስትነኩ ግንባራቸው እንደሚኮማተር ለሐኪሙ መንገር የምትችሉት እናንተ ናችሁ። የሚውጡትን ኪኒን ሁሉ ከነመያዣው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ።