«ገብቶኛል» የምንለው በምን መዝነን ነው?

ጭነት የሞላ አንድ አይሱዙ ከአንዲት ባጃጅ ጋር ፊት ለፊት ተጋጨ እንበል። በግጭቱ ቅጽበት አይሱዙው በባጃጇ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ይበልጣል? ወይስ ባጃጇ በአይሱዙው ላይ የምታሳርፈው? ወይስ ሁለቱ እኩል ናቸው? ውድ አንባብያን፣ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ከመሻገራችሁ በፊት መልሳችሁን ቁርጥ አድርጋችሁ ያዙ። ቢቻል ምክንያታችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት።

ትክክለኛው መልስ «እኩል ናቸው» የሚለው ነው። ባጃጇ የምትጨፈለቀው የሚያርፍባት ኃይል ስለሚበልጥ አይደለም። አካሏ ስስ ከመሆኑም በላይ፣ ያው እኩል ኃይል በአነስተኛ መጠነ ቁስ ላይ ሲያርፍ የሚያስከትለው የፍጥነት ለውጥ ከፍተኛ ስለሆነ ነው። የአይሱዙው መጠነ ቁስ የባጃጇን ሃያ እጥፍ ቢሆን፣ የባጃጇ የፍጥነት ለውጥ የአይሱዙውን ሃያ እጥፍ ይሆናል። ይህ ከሦስተኛውና ከሁለተኛው የኒውተን ሕጎች በቀጥታ የሚገኝ ነው። ሆኖም ሦስተኛውን ሕግ አንድም ቃል ሳያጓድል በቃሉ የሚወጣ ተማሪ፣ ከሥሩ «አይሱዙው ይበልጣል» ብሎ ሲመልስ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ሕጉን ማወቅና ሕጉን መረዳት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አባቶቻችንም መምህራኖቻችንም ሲነግሩን ኖረዋል። አዲሱ ነገር በመካከላቸው ያለው ርቀት ሊለካ መቻሉ ነው። ባለፉት አርባ ዓመታት ገደማ የፊዚክስ ሊቃውንት ራሳቸው የማስተማርን ተግባር እንደ ማንኛውም የተፈጥሮ ክስተት ይመረምሩት ጀመር። መላ ምት ያቀርባሉ፣ ይለካሉ፣ ያነጻጽራሉ። በዚህ ጽሑፍ ከግኝቶቻቸው ለተማሪው ይበልጥ የሚበጁትን እንመለከታለን።

የመጀመሪያው መመዘኛ

እ.ኤ.አ. በ1985 በአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ኢብራሂም ሃሉንና ዴቪድ ሄስተኒስ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስለ እንቅስቃሴ ያላቸውን ግንዛቤ ኮርሱ ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ በአንድ ዓይነት ፈተና መዘኑ። ውጤቱ ብዙዎችን አስደነገጠ። ተማሪው ወደ ክፍል ሲገባ ባዶ አልነበረም፤ ከሕይወት ልምዱ የቀሰመው የራሱ «ፊዚክስ» ነበረው። ለምሳሌ የሚንቀሳቀስ ነገር ሁሉ የሚገፋው ኃይል ሊኖረው ይገባል ብሎ ያምናል። የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ይህን እምነት እምብዛም ሳይነቀንቀው ያልፋል። ይበልጥ የሚገርመው ደግሞ አራት የተለያየ የማስተማር ዘዴ የነበራቸው መምህራን ተማሪዎች ያሳዩት መሻሻል ተመሳሳይ መሆኑ ነው። የመምህሩ አንደበተ ርቱዕነት ልዩነት አላመጣም።

እነዚህ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ያዳበሩት መመዘኛ በ1992 ታትሞ በመላው ዓለም ተሰራጨ። ፈተናው ስሌት የለውም። በቀላል ቋንቋ የቀረቡ ባለ ምርጫ ጥያቄዎች ሲሆኑ፣ የተሳሳቱት ምርጮች ከራሳቸው ከተማሪዎች የተለመዱ እምነቶች የተወሰዱ ናቸው። በዚህም የተነሣ ፈተናው «ስንት አገኘህ?» ከማለት አልፎ «ምን ታምናለህ?» ብሎ ይጠይቃል።

በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ያስተምር የነበረው ኤሪክ ማዙር ይህን ጥናት ባነበበ ጊዜ የእርሱን ተማሪዎች የሚመለከት አልመሰለውም ነበር። ፈተናውን ለክፍሉ ሲሰጥ ግን አንዲት ተማሪ ጥያቄዎቹን መመለስ ያለባት እርሱ ባስተማራት መንገድ ይሁን ወይስ እርሷ ራሷ በምታስብበት መንገድ ስትል ጠየቀችው። ማዙር ውሎ አድሮ የኪርኮፍን ሕጎች ተጠቅመው ውስብስብ የኤሌክትሪክ ዑደት አስልተው የሚጨርሱ ተማሪዎቹ፣ ስለ ጥቂት አምፖሎች ብርሃን መጨመርና መቀነስ የቀረበ፣ ስሌት የማይጠይቅ ጥያቄ እንደሚያደናግራቸው ተመለከተ። በፎርሙላው ላይ የነበራቸው ጌትነት ከሥሩ ያለውን ባዶነት ሸፍኖት ኖሯል።

ባዶውን የመሙላት መጠን

ክፍሎችን በትክክል ለማነጻጸር አንድ ችግር ነበር። ከ80 ወደ 85 ያደገ ክፍልና ከ30 ወደ 50 ያደገ ክፍል እንዴት ይነጻጸራሉ? የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ሄክ ቀላል መንገድ ተጠቀመ። ይኸውም ክፍሉ ያገኘውን ጭማሪ፣ ሊያገኝ ይችል ለነበረው ጭማሪ ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ክፍል በመጀመሪያ 40 ከመቶ አግኝቶ በመጨረሻ 55 ከመቶ ቢያመጣ፣ ጭማሪው 15 ነው፤ ሊጨምር ይችል የነበረው ግን 60 ነበር። ስለዚህ ውጤቱ 15 ለ60፣ ማለትም 0.25 ይሆናል። በሌላ አነጋገር ክፍሉ ከጎደለው ሩቡን ሞልቷል ማለት ነው።

ሄክ በ1998 ባሳተመው ጥናት ከ6,500 በላይ ተማሪዎች የነበሩባቸውን 62 ኮርሶች መረጃ ሰብስቧል። መምህሩ ሲናገር ተማሪው ሲጽፍ በሚውልባቸው 14 ኮርሶች አማካዩ 0.23 ሆነ። ተማሪዎች በክፍል ውስጥ እንዲተነብዩ፣ እንዲከራከሩና ወዲያውኑ እርማት እንዲያገኙ በተደረገባቸው 48 ኮርሶች ደግሞ አማካዩ 0.48 ሆነ። ከእጥፍ በላይ መሆኑ ነው።

በ2011 የታተመ ሌላ ጥናት ይህን ይበልጥ በጠራ ሁኔታ አሳየ። በካናዳ በሚገኘው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፣ የ2001 የኖቤል ፊዚክስ ተሸላሚ የሆነው ካርል ዊማን ከባልደረቦቹ ጋር ሁለት ትልልቅ ክፍሎችን ለአንድ ሳምንት አነጻጸረ። አንደኛውን ክፍል በተማሪዎች ዘንድ የተመሰገነና ልምድ ያለው መምህር በገለጻ አስተማረ። ሌላውን የማስተማር ልምዱ አነስተኛ የሆነ፣ ነገር ግን በጥናት በተደገፈው ዘዴ የሠለጠነ ወጣት ተመራማሪ ያዘ። በመጨረሻ በተሰጠው አንድ ዓይነት ፈተና የመጀመሪያው ክፍል በአማካይ 41 ከመቶ ሲያገኝ ሁለተኛው 74 ከመቶ አገኘ።

ዕውር ዕውርን ቢመራ?

ዘዴው ምንድን ነው? ማዙር ከ1991 ጀምሮ የተጠቀመበትን እንውሰድ። መምህሩ ጥቂት ደቂቃ ያብራራና እንደ አይሱዙውና ባጃጇ ያለ ጥያቄ ያቀርባል። እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን አስቦ መልሱን ያሳውቃል። ከዚያም አጠገቡ ካለውና የተለየ መልስ ከመረጠው ተማሪ ጋር ይከራከራል፤ ጓደኛውን ለማሳመን ይሞክራል። እንደገና ድምፅ ይሰጣል። በመጨረሻ መምህሩ ያብራራል።

«ዕውር ዕውርን ቢመራው ተያይዘው ገደል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ይህም ተመርምሯል። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ በጄኔቲክስ ኮርስ የተደረገና በ2009 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ተማሪዎች ከውይይት በኋላ ስለዚያው ጽንሰ ሐሳብ የቀረበላቸውን አዲስ ጥያቄ ብቻቸውን ሲሠሩ ተሻሽለው ተገኝተዋል። መሻሻሉ በቡድኑ ውስጥ መጀመሪያ ላይ መልሱን የሚያውቅ ሰው ባልነበረበት ጊዜም ታይቷል። ሐሳብን በቃል አውጥቶ መከላከል ራሱ ስሕተትን ያጋልጣል። በተጨማሪም ትናንት የገባው ተማሪ፣ ከሃያ ዓመት በፊት ከገባው መምህር ይልቅ እንቅፋቱ የት ላይ እንደነበር ያስታውሳል።

ይህ ሁሉ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ካናዳዊው ናትናኤል ላስሪ በ2008 ባሳተመው ጥናት፣ በኤሌክትሮኒክ መምረጫ የሚመልሱ ተማሪዎችና በወረቀት ካርድ የሚመልሱ ተማሪዎች በትምህርታቸው የጎላ ልዩነት እንዳላሳዩ አረጋግጧል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት ቁራጭ ካርቶኖች ይበቃሉ።

ስሜታችን ሲዋሸን

አሁን ወደ ጽሑፋችን እምብርት ደርሰናል። ዘዴው ይህን ያህል የሚጠቅም ከሆነ ተማሪዎች ለምን ብዙ ጊዜ አይወዱትም? በ2019 ሉዊ ደሎሪየና የሃርቫርድ ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት መልስ ይሰጣል። ተማሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው አንድ ዓይነት ርዕስ በአንድ ዓይነት ማስተማሪያ ጽሑፍ ተማሩ። ግማሾቹ ጥሩ ገለጻ አዳመጡ፤ ግማሾቹ በቡድን ራሳቸው ሠሩ። በፈተናው የበለጠ ያወቁት የሠሩት ናቸው። «ምን ያህል ተማርሁ ብለህ ታምናለህ?» ተብለው ሲጠየቁ ግን የበለጠ ተማርን ያሉት ያዳመጡት ሆኑ።

ነገሩን ልብ እንበለው። የጠራና ያማረ ገለጻ ስንሰማ ሐሳቡ ያለ እንቅፋት ይፈስስልናል፤ ይህንንም ቅልጥፍና እንደ ራሳችን ዕውቀት እንቆጥረዋለን። ራሳችን ስንሠራ ደግሞ እንሰናከላለን፣ እናፍራለን፣ ግራ ይገባናል። ድካሙን የድንቁርና ምልክት አድርገን እንወስደዋለን። እውነቱ ግን ድካሙ የመማሩ አንድ አካል መሆኑ ነው።

በጥናት ሰዓትም ያው ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ (ሴንት ሉዊስ) ተመራማሪዎች የሆኑት ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ፣ ከፊሎቹ ተማሪዎች አንድን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበቡ። ሌሎቹ አንድ ጊዜ አንብበው፣ ወረቀቱን ዘግተው፣ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደግመው ያነበቡት 81 ከመቶ፣ ጽፈው የፈተኑት 75 ከመቶ አስታወሱ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት ወደ 42 ሲወርዱ፣ ራሳቸውን የፈተኑት በ56 ላይ ተገኙ። ፈተና ነገ ጠዋት ለሆነበት ተማሪ ሽምደዳ የሚያዋጣ የሚመስለው፣ በቀጣዩ ሴሚስተር ደግሞ «ይህን እኮ ተምረነዋል፣ ግን ረሳነው» የምንለው ለዚህ ነው።

ከአገራችን አንጻር

ይህ አስተሳሰብ ለእኛ ባዕድ አይደለም። የቅኔ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ በመስማት ብቻ ባለ ቅኔ አይሆንም። የራሱን ይቆጥራል፣ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፣ ይታረማል፣ በማግሥቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስተምራል። ስሕተት እዚያ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው።

በአንጻሩ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በሳተላይት ይተላለፍ የነበረውን፣ በተለምዶ «ፕላዝማ» የተባለውን ትምህርት እናስታውስ። ጥራት ያለው ምስልና ሙከራ ለሩቅ ትምህርት ቤቶች ማድረሱ መልካም ነበር። ሆኖም ሥርጭቱ «አልገባኝም» ላለ ተማሪ አይቆምም፤ የተመደበው ሰዓት ሲደርስ ያልፋል። ከላይ ባየናቸው ጥናቶች መነጽር ስናየው የጎደለው የምስል ጥራት ሳይሆን የተማሪው ምላሽ ነበር።

በዩኒቨርሲቲዎቻችንም ለመምህራን አሳታፊ የማስተማር ዘዴን የሚያሠለጥነው የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር ከ2003 ጀምሮ ብዙ ደክሟል። ይሁንና ጥንቃቄ ያሻል። በአሜሪካ በዕጣ በተመረጡ የመግቢያ ባዮሎጂ ኮርሶች ላይ ተደርጎ በ2011 የታተመ ጥናት፣ መምህራኑ አሳታፊ ዘዴ ያዘወትሩበት መጠን ከተማሪዎቹ መሻሻል ጋር ግንኙነት አላሳየም። ወንበር ገጥሞ በቡድን መቀመጥ ብቻውን ውጤት አያመጣም ማለት ነው። አንዱ ሠርቶ አራቱ ስም የሚያስጽፉበት የቡድን ሥራም እንዲሁ። ቁም ነገሩ እያንዳንዱ ተማሪ ለመልሱ ራሱን ማስገደዱና እርማቱን በጊዜው ማግኘቱ ነው።

ጉዳዩ የምሁራን ክርክር ብቻ አይደለም። በሳይንስ፣ በምሕንድስናና በሒሳብ ትምህርቶች የተደረጉ 225 ጥናቶችን አጠቃልሎ በ2014 የታተመ ሥራ እንደሚያስረዳው፣ በገለጻ ብቻ በሚሰጡ ኮርሶች የወደቁት በአማካይ 34 ከመቶ ገደማ ሲሆኑ፣ ተማሪው በሚሳተፍባቸው 22 ከመቶ ገደማ ናቸው። በልዩነቱ ውስጥ ያሉት አሥራ ሁለት ተማሪዎች «ፊዚክስ አይሆነኝም» ብለው ሊሄዱ የነበሩ ናቸው።

ከዛሬ ጀምሮ

መምህራን ከአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ አሥር ደቂቃ ቆርጠን አንድ ጥሩ ጥያቄ ብንጠይቅና የሁሉንም መልስ ብናይ፣ ያስተማርነውን ከተማሩት ለይተን እናውቃለን። ተማሪዎች ግን እኛን መጠበቅ አያስፈልጋችሁም። ሃንድአውቱን ለሦስተኛ ጊዜ ከማንበብ ይልቅ ዘግታችሁ በባዶ ወረቀት ላይ ጻፉት። የተፈታ ምሳሌ ከማየታችሁ በፊት መልሱን ተንብዩ። ለጓደኛችሁ አስረዱ፤ እርሱም «ለምን?» እያለ ያስጨንቃችሁ። «ገብቶኛል» የሚለውን ቃል ከዚህ በፊት አትናገሩት።

ለመለማመጃ ይህችን እንካችሁ። አንድ ልጅ ኳስ ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ወረወረ። ኳሱ ከእጁ ተለይቶ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ፣ የአየርን ተቃውሞ ትተን፣ ምን ምን ኃይሎች ያርፉበታል? ጫፍ ደርሶ ለቅጽበት ሲቆምስ? መልሱን ሆን ብለን አላተምነውም። መጀመሪያ ብቻችሁን ጻፉ፤ ከዚያም ከእናንተ የተለየ መልስ የጻፈ ሰው ፈልጋችሁ ተከራከሩ።